አንገት የማይጠመዘዝበት ፀጉር ቤት

ጠዋት ነበር። ጋሽ ቋ ከአልጋቸው ተነሡ፤ ፊታቸውን ታጠቡ፤ ሻያቸውን ቆመው ጠጡ። ባለቤታቸው የሸሚዛቸውን ቁልፎች ከላይ ጀምረው እስከ ታች ቆለፉላቸው። ጋሽ ቋ ቁልፉ በሚቆለፍበት ጊዜ ወደ መስኮቱ እያዩ ስለ አየሩ ያወራሉ፤ ባለቤታቸውም ስለ አየሩ ይመልሱላቸዋል። ይህ ነገር ከተጀመረ ወራት አልፈዋል፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ግን ስለ ቁልፉ ቃል አውጥተው አያውቁም። ረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ዝም የሚባልበትን ቦታ ያውቃሉ። ማወቃቸው ግን ሁልጊዜ ይጠቅማቸዋል ማለት አይደለም።

«ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም» አሉ ጋሽ ቋ።

«ደመናው ከብዷል» አሉ ባለቤታቸው፣ ኮሌታውን እያስተካከሉ።

«ቋ» እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ጋሽ ቋ ፀጉር ቆራጭ ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸውም ደንበኞቻቸው ናቸው። በእሳቸው ፀጉር ቤት ሥራው ፀጉር ተቆርጦ፣ ጢም ተላጭቶ፣ ማጅራት በብሩሽ ተጠርጎ አያበቃም። ከዚያ በኋላ ጋሽ ቋ አንድ እጃቸውን ከደንበኛው አገጭ ሥር፣ ሌላውን ከጭንቅላቱ ኋላ ያደርጉና አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ድንገት ይጠመዝዙታል። አንገቱ «ቋ» ይላል። ደንበኛው ዐይኑን ጨፍኖ «እሰይ» ይላል። ይህን ከመምህራቸው ተማሩት፤ መምህራቸውም ከመምህሩ ተምሮት ነበር። አንገቱ ቋ ሳይል የወጣ ሰው ፀጉሩን ግማሽ የተቆረጠ ያህል ቅር ይለዋል። በሁለተኛው ወንበር የሚሠራ ባልደረባም አላቸው፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሸንበቆ ይባላል። ሰኞ ሰኞ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ሁለቱ በተራ እየተቀመጡ አንዱ የሌላውን አንገት ያንቋቋሉ።

ያ ቀን ሰኞ ነበር።

ከቤታቸው እስከ ፀጉር ቤቱ ያለው መንገድ አጭር ነው። ጋሽ ቋ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ተጠግተው ይሄዱ ነበር። ለምን ብሎ ለሚጠይቃቸው «ጥላ ፍለጋ ነው» ይላሉ፤ ያን ቀን ፀሐይ ስላልነበረ የሚፈለግም ጥላ አልነበረም። ቀኝ እግራቸው ከመሬቱ በደንብ አይነሣም፤ የጫማቸው አፍንጫ አስፋልቱን ይጭራል። ጫማ ጠጋኙ ዘንድ ሁለት ጊዜ ወስደውት «ሶሉ ወፍራም ነው፣ አቅጥነው» ብለውት ነበር።

የፀጉር ቤታቸው በር ላይ ሊደርሱ ሲሉ ከኋላቸው የሴት ድምፅ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?» አለ። ዞር አሉ። የታላቅ ወንድማቸው ልጅ ነበረች። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛን ራጅና ኤም አር አይ የምታነሣ ባለሙያ ናት። መነጽሯን ልታስጠግን ነበር ወደዚያ ሰፈር የመጣችው። እንደ ብዙ ዘመዳሞች እነሱም የሚገናኙት ሰው ሲሞት ነበርና፣ ማንም ሳይሞት መገናኘታቸው ሁለቱንም ደስ አሰኛቸው። ሰላምታውን ሲያበቁ ልጅቷ ትንሽ አመነታችና እንዲህ አለቻቸው፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ከኋላ ሳይዎት አላወቅሁዎትም ነበር። አረማመዱን አይቼ ‹ይህ ሰውዬ አንገቱን መታየት አለበት› እያልኩ ነው ፊትዎን ያዞሩት።»

ጋሽ ቋ ሳቁ። «እግሬን አይተሽ አንገቴን? ተማሪ ቤት ውስጥ የሰውን አካል ቦታውን አቀያይረው ነው እንዴ ያስተማሩሽ? ግቢ፤ ግቢና እንደ ሰው ቁጭ ብለሽ አውሪ።»

ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ አንድ የሚያንቋርር ማራገቢያ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ሸንበቆ ቀድሞ ከፍቶ መቀሶቹን እየጠረገ ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌርም ተራ ይጠብቃል። የጋሽ ቋ ወንበር ባዶ ቢሆንም ሹፌሩ «እኔ አልቸኩልም፣ ሸንበቆ ይጨርስ» ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ቋ ይህን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ልጅቷ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀቻቸው። ጋሽ ቋም ነገሩን ቀላል ለማድረግ እየሞከሩ ነገሯት። የቀኝ እጃቸው ይደነዝዛል፤ መቀሱ አንዳንዴ ያመልጣቸዋል። የሥራ ድካም ነው። ዕድሜያቸውን መቀስ ይዘው የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ብረት እንኳ ይዝላል። እግራቸውም ቢሆን ከቆሙ የዋሉበት ጊዜ ከተኙት ይበልጣልና ቢደክም አይፈረድበትም። ደግሞም ራጅ ተነሥተዋል።

«ምን አሉዎት ታዲያ?» አለች።

«አጥንትህ አርጅቷል አሉኝ። ይህን ለማወቅ ራጅ አላስፈለገኝም ነበር፤ እኔ መስታወት ፊት ነው የምውለው።»

ሹፌሩ ሳቀ። ልጅቷም አብራ ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ዐይኗ ከአጎቷ ጣቶች ላይ አልተነሣም።

«ራጅ አጥንቱን ነው ደህና አድርጎ የሚያሳየው ጋሼ። በአጥንቱ ውስጥ የሚያልፈውን ግን አያሳይም። የእርስዎ በሽታ ያለው ደግሞ እዚያ ይመስለኛል።»

«የታመመው እጄ ነው እኮ። ጥርሱን ላመመው ሰው ጉልበቱን እንደማየት ነው የምትዪው።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? እጅዎ ዳውላው ነው ጋሼ።»

ጋሽ ቋ በተረት መሸነፍ አይወዱም፤ መልስ ሲፈልጉ ልጅቷ ቀድማ ወደ ሸንበቆ ዞረች። መስታወቱ ሥር የተሰቀለውን የኤሌክትሪክ ቶንዶስ እያሳየች፣ ይህ መሣሪያ አልነሣ ሲል መጀመሪያ ምኑን ታያለህ ብላ ጠየቀችው።

«ገመዱን» አለ ሸንበቆ።

«ጎማው ከላይ ደህና ሆኖ?»

«ከላይማ ደህና ነው። የሚበጠሰው ውስጡ ነው፤ የሚታጠፍበት ጋ።»

«አንገትም የሚታጠፍበት ቦታ ነው» አለችና ነገሩን አስረዳቻቸው። ከአንጎል ወደ እጅና ወደ እግር የሚወርደው ትእዛዝ ሁሉ የሚያልፈው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለ አንድ ገመድ ነው፤ ሕብለ ሰረሰር ይባላል፤ እሱን ደህና አድርጎ የሚያሳየው ራጅ ሳይሆን ኤም አር አይ የሚባለው ማሽን ነው። ሰው በዕድሜ ሲገፋ በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ትራስ መሳይ ዲስኮች ይደርቃሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ኋላ ይወጣሉ፤ አጥንቱም ጫፍ ጫፉ ላይ ይበቅላል። ገመዱ የሚያልፍበት መተላለፊያ ይጠብባል። ገመዱ ሲታነቅ ሰውዬውን አንገቱን ላያመው ይችላል። እጁ ይደነዝዛል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ እግሩ ይጎተታል፣ ሲሄድ ጀልባ ላይ የቆመ ይመስለዋል።

ቁልፍ ስትል ጋሽ ቋ ሳያስቡት ደረታቸውን ነካ አደረጉ።

«እኔ ቶንዶስ አይደለሁም» አሉ በመጨረሻ።

ተምሮ የመጣ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ትክክል ስለሆነ ብቻ ሰሚው ወዲያው የሚቀበለው ይመስለዋል። ሰው ግን ከእውነት የሚሸሸው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ አውቆም ይሸሻል። ጋሽ ቋ ከዚህ በኋላ ነገሩን ከእጃቸውና ከእግራቸው ወደ ማሽኑ አዞሩት፤ ማሽኑን መዝለፍ ይቀላልና።

ሳልሞት ሣጥን ውስጥ አልገባም አሉ። ልጅቷ ሣጥን እንዳልሆነ፣ በሁለቱም ወገን ክፍት የሆነ፣ መብራት ያለው ዋሻ መሆኑን፣ ሰውዬው የጎማ ኳስ ይዞ እንደሚገባና ከጨነቀው ሲጨምቀው ወዲያው እንደሚወጣ ነገረቻቸው። ጨረሩ ያቃጥለኛል አሉ። ራጅ ላይ ያለው ጨረር ኤም አር አይ ላይ እንደሌለ፣ የሚሠራው በብርቱ ማግኔትና በሬድዮ ሞገድ መሆኑን ነገረቻቸው። ማግኔቱ ብረት የሚስብ ከሆነ ከነጥርሴ ይነቅለኛል አሉ። ለዚህ ነው ሰው ከመግባቱ በፊት በአካሉ ውስጥ ብረት እንዳለ አጥብቀን የምንጠይቀው አለች። ጋሽ ቋ የቀራቸውን ጥይት ተኮሱ።

«በሽታን የፈለገ ሰው አያጣውም ልጄ። በእኔ ዕድሜ ያለውን ሁሉ ማሽንሽ ውስጥ ብታስገቢው አንገቱ ሙሉ የሆነ አንድ ሰው አታገኚም።»

«እውነትዎን ነው» አለች።

ጋሽ ቋ ይህን አልጠበቁም ነበር።

«እውነትዎን ነው። ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ምስል ላይ እንኳ ያለቀ ዲስክ እናያለን። ስለዚህ አንገቱን ያመመው ሁሉ ኤም አር አይ ይነሣ አልልም። አብዛኛው የአንገት ሕመም ያለ ማሽን በጊዜው ይድናል። ግን እጅ ነገር ሲጥል፣ እግር ሲጎተት፣ ክንድ ሲዝል፣ ሽንት አልታዘዝ ሲል፣ ወይም ሰው ወድቆ አንገቱ ሲመታ ‹ይለቀኝ ይሆናል› ተብሎ አይጠበቅም። መጀመሪያ ሐኪም በእጁ ይመረምራል። ሐኪሙ የጠረጠረውን ነው እኛ የምናሳየው። ምስሉ ብቻውን ሐኪም አይሆንም ጋሼ፤ ሐኪሙም ያለ ምስሉ ገመዱ የት ላይ እንደታነቀ አያይም።»

ሹፌሩ ከአግዳሚው ሆኖ «የጋሽ ቋ አንገት ማሽን አይፈልግም፤ ሸንበቆ ዛሬ አንዴ ቋ ካደረገው ልክ ይገባል» አለ።

ልጅቷ የፀጉር ቤቱን የሰኞ ልማድ ያኔ ነው የሰማችው። ፊቷ ተለወጠ። እንዲህ ያለ አንገት ሲጠመዘዝ ገመዱ በአንዴ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ቆሞ የመጣ ሰው ቆሞ ላይሄድ እንደሚችል ነገረቻቸው። ድምፅዋን አላነሣችም። ጋሽ ቋ ግን ተቆጡ። የተነካው አንገታቸው ሳይሆን ስማቸው ነበር።

«በዚህ እጅ የስንት ሰው አንገት አልፏል። አንድ ሰው ተመልሶ ‹ጎዳኸኝ› ብሎኝ አያውቅም።»

«የሚነግሩዎት የተመለሱት ናቸው ጋሼ። ያልተመለሱትን ማን ጠየቃቸው?»

ሹፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ጋሽ ቋ ቀጥ ብለው ሄደው በራሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጨርቁን አንገታቸው ላይ ጣል አደረጉ። «ሸንበቆ፣ ና» አሉ። «ዛሬ ሰኞ ነው። የወንድሜ ልጅ ቆማ ትይ፤ ስነሣ ትፈርድ።»

ሸንበቆ መጥቶ ከኋላቸው ቆመ። አንድ እጁን ከአገጫቸው ሥር አደረገ። ልጅቷ ወንበሩን ዞራ በአጎቷና በመስታወቱ መካከል ቆመች። አልለመነችም፤ አልጮኸችም።

«ከመጠምዘዙ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ» አለች። «አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ ሲያደርጉ፣ ጫማዎን ሊያስሩ ሲያጎነብሱ፣ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር ከማጅራትዎ ተነሥቶ በጀርባዎ አይወርድም?»

ይወርዳል። እስከ ተረከዛቸው ይወርዳል። ይህን ለባለቤታቸው አልተናገሩም፤ ለሐኪም አልተናገሩም፤ ለራሳቸውም ቢሆን በደንብ አልነገሩም። ይህች ልጅ መንገድ ላይ ከኋላ አይታቸው ይህን ካወቀች ሌላውስ የተናገረችው ለምን ውሸት ይሆናል? እንዲህ ብለው አሰቡና ያሰቡትን ዋጡት።

«ሸንበቆ፣ ጠምዝዝ» አሉ።

ሸንበቆ ግን እጁን ከአገጫቸው አወጣ።

«እኔ አላደርገውም ጋሼ» አለ። «በሌላ ቀን ቢሆን ዝም ባልኩ። አሁን ግን ልንገርዎ። ደንበኛ ‹ሸንበቆ ይላጨኝ› የሚለው እኔ ስለበለጥኩ አይደለም። ያለፈው ወር ጆሯቸውን የቆረጧቸው ሰውዬ ተናደው የሄዱ መሰለዎት እንጂ እኔ ነኝ ወደ ጓሮ ወስጄ ቁስላቸውን ያሰርኩላቸው። እጅዎ አይሰማም። እኔ ይህን እያወቅኩ አንገትዎን ጠምዝዤ፣ ነገ እዚህ ወንበር ላይ ሽባ ሆነው ቢቀሩ በምን ዐይኔ አያለሁ?»

ጋሽ ቋ ጨርቁን ከአንገታቸው አውልቀው አጠፉት። ሊያጥፉት ሞከሩ ማለቱ ይሻላል፤ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አላቸው። ከዚያም ሥራ አለኝ ብለው ልጅቷን አሰናበቷት። ልጅቷም የሥራ ቦታዋን ስልክ ነግራቸው፣ ተሳልማቸው ወጣች።

ባለቤታቸው ነገሩን ከሸንበቆ ሰምተው ኖሯል። ማታ ራት ላይ ጋሽ ቋ ስለ አየሩ ሊያወሩ ሲጀምሩ ባለቤታቸው አልመለሱላቸውም።

«አንተ ሰው» አሉ፣ ሳህኑን ወደ ጎን አድርገው። «ሸሚዝህን ዕድሜ ልኬን እቆልፍልሃለሁ፤ አይሰለቸኝም። አንተን ከአልጋ የማነሣበት ጉልበት ግን የለኝም። ይህን አውቀህ እምቢ በል።»

ጋሽ ቋ በማግስቱ ወደ ሐኪም ሄዱ። ሲሄዱም ቢሆን አልተሸነፍኩም እያሉ ነው የሄዱት፤ ልጅቷን አሳፍሬ እመለሳለሁ ብለው ለሸንበቆ ነግረውታል።

ሐኪሙ ጎልማሳ ሰው ነው። ጡጫቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲጨብጡና እንዲዘረጉ አዘዛቸው፤ ጣቶቻቸው ዘገዩ። በትንሽ መዶሻ ጉልበታቸውን ነካ ሲያደርግ እግራቸው ከልክ በላይ ፈነጠረ። «ጠንካራ ነኝ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ፣ እንዲህ የሚፈነጥር እግር ከላይ የሚቆጣጠረው ትእዛዝ እንደላላበት የሚያሳይ ነው ብሎ መለሰላቸውና የአንገት ኤም አር አይ አዘዘ።

ኤም አር አይ ክፍል በር ላይ የወንድማቸው ልጅ ተቀበለቻቸው። ቀለበታቸውን፣ ቀበቷቸውን፣ ሰዓታቸውን፣ ከደረት ኪሳቸው የማትለየውን ትንሿን መቀስ ተቀበለቻቸው። ከዚያ ጠየቀቻቸው። ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ? የለም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል? አያውቅም። ዐይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል? ጋሽ ቋ ሊስቁ ሲሉ ትዝ አላቸው። መቀስ በሞተር ድንጋይ ሲስሉ አንድ ጊዜ ብልጭታ ዐይናቸው ውስጥ ገብቶ ለቀናት አቅልቶት ነበር። ልጅቷ ወዲያው አቆመቻቸው። ቅንጣት ብረት እንኳ ዐይን ውስጥ ካለ ማግኔቱ ሊያንቀሳቅሰው፣ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላልና መጀመሪያ የዐይን ራጅ ይነሡ አለች።

«ራጅ አይረባም ስትዪ አልነበረም?» አሉ ጋሽ ቋ፤ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ፈገግ ያሉት ያኔ ነበር።

«ሁሉም ቦታ ቦታ አለው ጋሼ። እርስዎ በመቀስ ጢም ይላጫሉ?»

ዐይናቸው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻቸው፣ አንገታቸውን የሚይዘውን መሣሪያ አለበሰቻቸው፣ ጆሯቸውን ከጩኸት የሚከላከል ማዳመጫ ሰጠቻቸው፣ ኳሱን በግራ እጃቸው አስያዘቻቸው። ዋሻው ውስጥ ገቡ። ማሽኑ እንደ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ያንኳኳል፣ ያርፋል፣ በሌላ ዜማ ይጀምራል። ጋሽ ቋ ማሽኑን ይሰድቡት ጀመር፤ ድምፃቸው በማሽኑ ማይክሮፎን ወደ ውጭ እንደሚሰማ የነገራቸው አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ የልጅቷ ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ ገባ።

«ጋሼ፣ አንገትዎን አንቀሳቅሰዋል።»

«አላንቀሳቀስኩም።»

«ምስሉ ደብዝዟል። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አሽከርክረዋል።»

እውነቷን ነበር። አንገታቸው ደንደን ሲልባቸው፣ ልማድ ነውና፣ ራሳቸውን በራሳቸው ቋ ሊያደርጉ ሞክረዋል። ሌላ በሽተኛ በዚያ ማሽን ውስጥ ያስነጥሳል ወይም እግሩን ያክካል፤ ገመዱ የታነቀበትን አንገት እዚያው ውስጥ ሊያንቋቋ የሞከረ ግን ከእሳቸው በቀር የለም ብላ ልጅቷ በኋላ ነግራቸዋለች። ምስሉ እንደገና ተነሣ። በዚህኛው እንደ ድንጋይ ጸንተው ተኙ፤ ስድቡንም በልባቸው አደረጉት።

ባለቤታቸው አብረው ባሉበት ሐኪሙ ምስሉን በስክሪን አሳያቸው። አንገታቸው ከጎን በኩል እንደተሰነጠቀ ግንድ ይታያል። በመካከሉ ግራጫ ገመድ ይወርዳል፤ ከፊቱም ከኋላውም ነጭ መስመር ያጅበዋል፤ ገመዱ የሚንሳፈፍበት ፈሳሽ ነው አላቸው። ነጩ መስመር ከላይ ጥሩ ሆኖ ይወርድና ከአንገቱ መሃል ዝቅ ብሎ ይጠፋል። እዚያ ላይ ዲስኩ ከፊት ገፍቶ፣ ጅማቱ ከኋላ ወፍሮ፣ ገመዱን እንደ ጣት ቆንጥጠውታል። በተቆነጠጠው ቦታ ገመዱ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጠብጣብ ትታያለች። ሐኪሙ ስለ ነጠብጣቧ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ገመዱ መጎዳት እንደጀመረ የምታሳይ ናት።

ጋሽ ቋ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው ጠየቁ፦ «ሲጠመዘዝ ቋ የሚለው እዚህ ጋ ነው?»

«ከዚህ ብዙም አይርቅም» አለ ሐኪሙ።

ከዚያ በኋላ ስለ ቀዶ ሕክምና ተነሣ። የተገፋው ዲስክ ከፊት በኩል ይወጣል፣ አጥንቶቹ ይያያዛሉ፣ ገመዱ ይለቀቃል። ጋሽ ቋ የመጨረሻውን እምቢታቸውን አመጡ። አንገቴን ለማንም በስለት አላስነካም አሉ።

«እርስዎ ስንት ዓመት ምላጭ ይዘው በሰው ጉሮሮ ላይ ኖረዋል?» አለ ሐኪሙ።

«ዕድሜዬን።»

«ያ ሁሉ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ በእጅዎ የተላጨው ሥራዎን ያውቃሉ ብሎ ነው። እኔም በእርስዎ እጅ ተላጭቼ ይሆናል። አሁን ተራው የእኔ ነው።»

ጋሽ ቋ ሳቁና እሺ አሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ጠየቁ፤ እጄ ይመለስልኛል? ሐኪሙ አላባበላቸውም። ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያ የሚያደርገው በሽታው እንዳይብስ ማቆም ነው። የጠፋው ይመለስ አይመለስ የሚወስነው በአብዛኛው ገመዱ ታንቆ የቆየበት ጊዜ ነው። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ የተሻለ ተስፋ በሰጠኋችሁ ነበር አላቸው፤ ይህን ሲል ባለቤታቸውንም እያየ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ የምጨምረው ቢኖር፣ የሚደብቀው ሰው ብቻውን አይደብቅም የሚል ነው። ባለቤቱ ታግዘዋለች፣ ባልደረባው ያግዘዋል፣ ደንበኛው በትሕትና ወንበር እየቀየረ ያግዘዋል። ሁሉም የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ገመዱ ግን ፍቅራቸውን አይቶ አይላላም።

ጋሽ ቋ ከሆስፒታል ወጥተው ለሳምንታት አንገታቸው ላይ ድጋፍ አስረው ቆዩ። ድጋፉ ሲወልቅ ግድግዳውን ትተው በመንገዱ መሃል መራመድ ጀመሩ። ጀርባቸው ላይ የሚወርደው ኤሌክትሪክ ቆመ። የቀኝ እጃቸው ጉልበት ቀስ በቀስ መጣ፤ መቀስ ይይዛሉ፣ ማበጠሪያ ይይዛሉ። ወደ ሥራ በተመለሱ ቀን ሹፌሩ ከማንም ቀድሞ በሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፀጉሩን ቆረጡት፤ ማጅራቱን በብሩሽ ጠረጉለት፤ ጨርቁን አራገፉ። ሹፌሩ አልነሣም አለ።

«የቀረ ነገር አለ ጋሼ» አለ።

«የቀረ ነገር የለም።»

«ቋውስ?»

«ቋ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የለም። አንገት አልጠመዝዝም፤ ሸንበቆም አይጠመዝዝም።»

ሹፌሩ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ከመንገዱ ማዶ ባለው ፀጉር ቤት አሁንም እንደሚጠመዝዙ፣ ሰውም ወደዚያ እንደሚሄድ ነገራቸው።

«ይሂድ» አሉ ጋሽ ቋ። «አንተም ሂድ፤ አልቀየምህም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ቋ ሲል የሚሰማህ እፎይታ ነው እንጂ ፈውስ አይደለም። አብዛኛው አንገት ይችለዋል፤ ያንዳንዱ ግን ውስጡ ጠቧል፤ የማን እንደሆነ በእጄ ዳስሼ ማወቅ አልችልም፤ አንተም አታውቅም። እኔ የገዛ አንገቴን አላወቅሁትም፤ የሰው አንገት አውቃለሁ ብዬ ስንት ዘመን ኖርኩ። እጅህ ከደነዘዘ፣ እግርህ ከተጎተተ፣ ስታጎነብስ ጀርባህን ከነዘረህ ሐኪም ጋ ሂድ። ሐኪሙ ማሽን ግባ ካለህ ግባ። አያቃጥልም፣ አያምም፤ ይጮኻል እንጂ አይናከስም። በጊዜ የሄደ ሰው ዲስኩ የት እንደገፋ፣ ነርቩ የት እንደተያዘ ታይቶለት፣ አንዳንዱ በእንቅስቃሴና በመድኃኒት ብቻ ይድናል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውም ገመዱ ሳይጎዳ ይደርስለታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።»

ሹፌሩ ትንሽ አጉረመረመና ወጣ። ከዚያ በኋላ የሄዱ ሌሎችም ነበሩ። ጋሽ ቋ ተመለሱ ብለው ወደ አንዳቸውም አልላኩም፤ በሩ ላይ ቆመው ማዶ ሲገቡ እያዩ በግልጽ ሰላም ይሏቸው ነበር። ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭ ‹አርጅቶ ፈሪ ሆነ› ማለቱን ሲሰሙ፣ አዎ ፈርቻለሁ፣ ገደልን የማይፈራ ዕውር ብቻ ነው ብለው መልሰው ላኩበት። ከሄዱት መካከል እጃቸው የደነዘዘ ሁለት ሰዎች ተመልሰው መጥተው የልጅቷን ሆስፒታል አቅጣጫ ጠይቀዋቸዋል። የወንድማቸው ልጅም ከሥራ ስትወጣ አልፎ አልፎ ትመጣለች፤ ስለ አንገት ሲከራከሩ ደንበኛው ተራውን ረስቶ ያዳምጣል። ወጣት ፀጉር ቆራጮች ሥራ ሊማሩ ሲመጡ ጋሽ ቋ መጀመሪያ የሚያስተምሯቸው ከአገጭ ሥር እጅ አለማስገባትን ነው።

ጢም የሚላጨው ሸንበቆ ነው። ጋሽ ቋ ምላጭ አይዙም። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ጫፍ ላይ ስሜት የለም።